በዓባይ በረሃ ማን ለማን መንገድ ይልቀቅ?

አንባቢ ሆይ፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በመኪና ተጉዘህ የምታውቅ እንደ ሆነ፣ ስለምን እንደምጽፍ ገና ርእሱን ስታይ ገብቶሃል። በአምበርና በሉማሜ በኩል ሜዳውን አቋርጠህ ደጀን ትደርሳለህ፤ ጥቂት እልፍ እንዳልህ ምድር ከሥርህ ትከዳሃለች። ከ1,400 ሜትር ያላነሰ ቁልቁለት ወርደህ፣ በፈረንጆች 2008 ዓ.ም. በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ የተከፈተውን ድልድይ ተሻግረህ፣ የወረድኸውን ያህል ደግሞ ሽቅብ ወጥተህ ጎሐ ጽዮን ትገባለህ። ይህ ሁሉ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ ላይ ከፊት ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና እያቃሰተ ያዘግማል፤ ከኋላ ሚኒባሱ ክላክሱን ያንባርቃል፤ አንተም በሁለቱ መካከል ሆነህ ወደ ገደሉ ላለማየት ትጥራለህ።

ስለ መኪና አደጋ የሚጻፈው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ «ሾፌሮች ፍጥነት ይቀንሱ» ብሎ ያበቃል። እኔ ግን የተነሣሁት ስለ ፍጥነት ብቻ ልናገር አይደለም። ጉዳዬ ፈጣኑና ዘገምተኛው በአንድ ጠባብ መንገድ ሲገናኙ በመካከላቸው ሊኖር ስለሚገባው ደንብ ነው። የሚኒባሱን ሾፌር ብትጠይቀው ጥፋተኛው መንገድ የማይለቀው የጭነት መኪና ነው ይልሃል። የጭነት መኪናውን ሾፌር ብትጠይቀው ጥፋተኛው እንደ ዝንብ ጥልቅ የሚለው ሚኒባስ ነው ይልሃል። ስሙ የማይነሣ ሦስተኛ ወገን ግን አለ፤ እርሱም እኛ ተሳፋሪዎቹ ነን፤ ይልቁንም እኛ ተማሪዎች።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከዚሁ ከደብረ ማርቆስ ስንሄድ በተሳፈርንበት ሚኒባስ ውስጥ ከግማሽ የምንበልጠው ተማሪዎች ነበርን። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን ስንወጣ ጤፍ የጫነ ባለተሳቢ ከፊታችን ገጠመን። ሾፌራችን ከእኛ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር፤ ሁለት ኩርባ ያህል በትዕግሥት ተከተለው። ከዚያ ከኋላ ወንበር «ቅደመው እንጂ! ከዚህ ጋር ልናድር ነው?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሌላው «መንጃ ፈቃዱን በስንት ገዛኸው?» አለ፤ ሳቅ ሆነ። ይህን ጊዜ ባለተሳቢው የቀኝ ፍሬቻውን አበራ። ሾፌራችን ወደ ግራ ወጣ፤ እኛም አጨበጨብን። ተሳቢው እኩሌታ ላይ ስንደርስ ከኩርባው ውስጥ አውቶቡስ ብቅ አለ።

ባለተሳቢው ፍሬን ይዞ ወደ ጠርዙ ባይጠጋና አውቶቡሱም ባለበት ባይቆም ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እኔ አልሆንም ነበር። ሹልክ ብለን ገባን። ከፊት የተቀመጡት እናት «ኪዳነ ምሕረት!» ብለው ሦስት ጊዜ አማተቡ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ አንዱ ተማሪ «እይ ይህን ጨካኝ! ፍሬቻ አሳይቶ ሊያስጨርሰን!» አለና ሁላችንም ተቀብለን የባለተሳቢውን ሾፌር ስንረግም ጎሐ ጽዮን ደረስን። ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነበርሁ፤ ከረገሙትም አንዱ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ያ ፍሬቻ ምን ማለቱ እንደ ነበር ሳስብ ቆይቻለሁ። በረጅም መንገድ ላይ ከባዱ መኪና ቀኙን ሲያበራ «ፊት ለፊት ሰው የለም፣ እለፍ» ማለቱ ነው፤ ግራውን ሲያበራ «የሚመጣ አለ፣ ቆይ» ማለቱ ነው እየተባለ ይነገራል። መልካም ልማድ ነው። ዳሩ ግን ያው የቀኝ ፍሬቻ «ወደ ጥግ ልቆም ነው» ማለትም ነው፤ ያው የግራ ፍሬቻ «እኔም የፊተኛውን ልቀድም ነው» ማለትም ነው። አንድ ምልክት ሁለት ትርጉም ሲኖረው የሚያስተረጉመው ምንድን ነው? የኋለኛው ሰው ምኞት ነው። ሊቀድም የቸኮለ ሰው ምልክቱን ሁሉ «እለፍ» ብሎ ያነበዋል። ደግሞም ምልክቱ የተሰጠው መንገዱ ባዶ በነበረበት ቅጽበት ነው፤ አንተ ወጥተህ ተሳቢው አጠገብ እስክትደርስ ያ ቅጽበት አልፏል።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። ባለተሳቢው 18 ሜትር ያህል ይረዝማል እንበል፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ሚኒባሱ በ40 ሊያልፈው ይነሣል። ከመውጣቱ በፊትና ከገባ በኋላ የሚያስፈልገው ርቀት፣ የራሱም ርዝመት ሲደመር፣ ከባዱን መኪና በ45 ሜትር ያህል መብለጥ አለበት። በመካከላቸው ያለው የፍጥነት ልዩነት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ ይህ 8 ሴኮንድ ይወስዳል። በ8 ሴኮንድ ሚኒባሱ ራሱ 89 ሜትር ይጓዛል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና ከፊት ቢኖር እርሱ ደግሞ 133 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ ቢያንስ 220 ሜትር ጥርት ያለ መንገድ ሊታየው ይገባል ማለት ነው። በዓባይ በረሃ ኩርባዎች መካከል ይህን ያህል የሚያሳይ ቦታ ፈልግና ቁጠር፤ ጣቶችህ ይበቁሃል። የማይታይ ኩርባ ላይና ያልተቆራረጠ መስመር በተሰመረበት ቦታ ደርቦ መቅደምን ሕጉ የከለከለው ሾፌርን ለማስቸገር ሳይሆን ይኸው ሒሳብ ስለሚያስገድደው ነው። የባለተሳቢው ፍሬቻም ኩርባውን ቀጥ አያደርገውም። ፍሬቻው ወሬ ነው እንጂ ዋስ አይደለም።

መቅደም ያለ ቅሬታ የሚፈጸምበት ቦታ በዓለም ላይ የለም እንዳይባል፣ አለ። በጀርመን አገር በ1927 (እንደ ፈረንጆች) የተከፈተ ኑርቡርግሪንግ የሚባል የመኪና እሽቅድድም መንገድ አለ። አሮጌው ዙር ወደ 21 ኪሎ ሜትር የሚጠጋና ኩርባው የበዛ ነው፤ በተፈቀደ ቀን ማንም ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የራሱን መኪና ሊነዳበት ይችላል። በዚያ ዘገምተኛው ቀኙን ይይዛል፤ ፈጣኑ በግራ ብቻ ያልፋል፤ የሚያስተላልፈው ሰው የቀኝ ፍሬቻውን አብርቶ «አይቼሃለሁ» ይላል። በሌላም አገር እንዲህ ባለው የልምምድ ቀን ለጀማሪዎች የሚሰጠው ደንብ፣ የፊተኛው እጁን አውጥቶ ካላመለከተ በቀር የኋለኛው እንዳይቀድም ነው። አስተውል፤ የሚያመለክተው ዘገምተኛው ነው፤ ፈጣኑ ይጠብቃል። ሞተሩ የበረታ ሰው እንዲታገሥ የተደረገው እሽቅድድም በሚወዱ ሰዎች መካከል ነው።

ይሁን እንጂ የእነርሱ መንገድ አንድ ነገር ከእኛ ይለየዋል። በዚያ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ከፊት አውቶቡስ አይመጣም፤ ከገበያ የሚመለስ አህያ አይገባም። የእነርሱ ሾፌር እጁን ሲያወጣ ምልክቱ ሊታመን ይችላል። የእኛ ግን ደንቡ የሚጠቅመው ግማሹን ብቻ ነው፦ ፈጣኑ ምልክት እስኪያገኝ ይጠብቅ፤ ምልክት ካገኘም በኋላ በገዛ ዓይኑ ካላየ አይውጣ። ከኛ ብዙም ሳይርቅ በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ ፈረስ ጋልቦ መቅደም ክብር ነው፤ እኔም ስመለከት ልቤ ይነሣል። ግን ያ በሜዳ ላይ ነው፤ በፈረሱ ጀርባ ላይ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰው አልተጫነም።

አሁን ወደ ዘገምተኛው ልዙር። ብዙ ሰው የማይገባው የቁልቁለቱ ነገር ነው። ዳገት ላይ ከባዱ መኪና የሚያዘግመው አቅም አጥሮት ነው፤ ይህን ሁሉም ያያል። ቁልቁለት ላይ ሲያዘግም ግን «ምን ሆነ? መውረድ ያቅተዋል?» ይባላል። አዎን፣ ሆን ብሎ ነው። 40 ቶን የሚመዝን መኪና ከደጀን እስከ ድልድዩ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፣ የፊዚክስ ተማሪዎች ቢያሰሉት፣ 150 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ያ ሁሉ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። በሞተሩ ካልተያዘ ፍሬን ሸራውና ታምቡሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀመጣል፤ እጅግ የጋለ ፍሬን ደግሞ ሲረግጡት አይዝም። ስለዚህ ብልህ ሾፌር ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬኑን ለክፉ ቀን ቆጥቦ፣ እንደ ኤሊ ይወርዳል። ከድልድዩ በፊት የሚሸተን የተቃጠለ ሽታ የሌሎቹ ነው።

እንግዲህ ሚኒባሱ ይህን መኪና ቀድሞ ወዲያው ከፊቱ ይጠልቅና ለሚቀጥለው ኩርባ ፍሬን ይይዛል። በእኛ ዘንድ ነገሩ አልቋል፤ ቀድመናል። በኋለኛው ሾፌር ዘንድ ግን ያ ቆጥቦ የያዘውን ፍሬን አሁን እንዲረግጠው ተገድዷል፤ ለመቆሚያ ያስቀረውን ርቀት ነጥቀነዋል። በቁልቁለት ከባድ መኪናን ቀድሞ ከፊቱ ፍሬን መያዝ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ በዚያ መንገድ ላይ ከሚፈጸሙት ሥራዎች ሁሉ የከፋው ነው። መስታወቱ ውስጥ ከኋላችን የሚታየው የመኪና ፊት እንዳይከተለን የምንለምነው ራሳችን የጠራነውን ነው።

ይህን ስል ለከባድ መኪና ሾፌሮች ጠበቃ የቆምሁ እንዳይመስል። የእነርሱም ዕዳ አለ። አንደኛ ነገር፣ ሦስትና አራት ከባድ መኪኖች አፍና ጅራት ገጥመው ሲሄዱ መካከላቸው ሌላ መኪና የሚገባበት ቦታ አይተዉም፤ አንዱን የቀደመ ሰው አራቱንም ለመቅደም ይገደዳል፤ 8 ሴኮንድ የነበረው ግማሽ ደቂቃ ይሆናል። መካከል ላይ 40 ወይም 50 ሜትር ክፍት መተው ገንዘብ አያስወጣም። ደግሞ ሲቀደሙ እልክ ይዟቸው ነዳጅ የሚጨምሩ አሉ፤ ስለ እነዚህ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ሥራቸው የመግደል ሥራ ነው። ሰፋ ያለ ዳር ባለበት ቦታ አሥር መኪና ከኋላ አስከትሎ ሳይቆም የሚያልፍም አለ። በርግጥ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይሰነጠቃል፤ ይሰምጣል፤ ጥግ ይዞ ለመቆም የሚመች ቦታ እንደ ልብ አይገኝም። ግን በተገኘበት መቆም ይገባል። በስዊስ አገር በተራራ መንገድ ላይ የፖስታ አውቶቡስ ሾፌር ሲያመለክት ሌላው ነጂ ይታዘዛል፤ አውቶቡሱ ከማይታይ ኩርባ በፊት ባለ ሦስት ድምፅ ጡሩምባ ይነፋል። እዚያም ተራራ ነው፤ እዚያም ገደል ነው፤ ማን ለማን እንደሚለቅ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው።

«የአገራችን ሾፌር ደንብ አይቀበልም» ይሉኛል። አገራችን በ1956 ዓ.ም. በግራ ይነዳ የነበረውን መኪና ሁሉ ወደ ቀኝ አዙራለች። የጎዳና ግማሽ ለጎዳና ግማሽ የተለወጠበት አገር የሁለት ፍሬቻ ትርጉም ወስኖ በየመንጃ ትምህርት ቤቱ ማስተማር ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። መዘግየት ያስከፍላል፤ አልክድም። 40 ኪሎ ሜትሩን ሁሉ በ20 ብንከተል ሁለት ሰዓት ነው፤ በ40 ብንሄድ አንድ ሰዓት ነው። ነገር ግን ማንም 40 ኪሎ ሜትር ሙሉ ከአንድ ባለተሳቢ ኋላ አይሄድም። የሚታይ ቀጥተኛ ቦታ እስኪገኝ ሁለት ኪሎ ሜትር ብንከተለው የምናጣው 3 ደቂቃ ነው። በዚያ ቀን «ልናድር ነው?» ብለን የጮኽነው ለ3 ደቂቃ ነበር። ሾፌሩ ደግሞ ለመኪናው ባለቤት የሚያስገባው ገንዘብ ተቆርጦለት፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ እያሰበ የሚነዳ ሰው ነው። ያለ እኛ ጩኸትም ቸኩሏል። መኪናው ውስጥ ሊያቀዘቅዘው የሚችል ሰው ቢኖር ተሳፋሪው ብቻ ነው፤ ተሳፋሪው ግን ያጨበጭባል። እኒያ እናት ብቻቸውን «ልጄ፣ ቀስ በል» ቢሉት ኖሮ እንስቅባቸው እንደ ነበር አውቃለሁ።

የተማሪዎች ማኅበራችን በዕረፍት ጊዜ መኪና ተከራይቶ ተማሪ ሲያጓጉዝ በውሉ ላይ የወንበር ቁጥር፣ የመነሻ ሰዓትና ዋጋ ይጻፋል። ከእንግዲህ አንድ መስመር እንዲጨመር እጠይቃለሁ፦ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው መንገድ ሾፌሩ ከ220 ሜትር ያነሰ በሚታይበት ቦታ እንዳይቀድም፣ በመዘግየቱም ከኪራዩ ምንም እንዳይቀነስበት። በየመኪናው ከማኅበሩ አንድ ሰው ከፊት ይቀመጥ፤ ሥራውም ሾፌሩን መቆጣጠር ሳይሆን የኋላ ወንበሩን ዝም ማሰኘት ይሁን። ይህን ለማኅበሩ ጸሐፊ ነግሬው «ሐሳቡን በጽሑፍ አምጣው» ብሎኛል። ጽሑፉ ይኸው ነው፤ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ሲከፈት ሄጄ መልሱን እጠይቃለሁ።