እጃችን ላይ ኤክስ አድርጉና አስገቡን

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው፣ ጊታር የሚወድ፣ ኪሱ ውስጥ የታክሲና የማኪያቶ ብር ያለው አንድ የአዲስ አበባ ተማሪ በነዚህ ሁለት ወራት የራሱን ዘፈን የሚጫወት ባንድ በአካል ማየት ቢያምረው የት ይሂድ? እስቲ መልሱልኝ። እኔ ዞር ዞር ብዬ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ሁለት ብቻ ነው፤ «ክለብ» እና «ለእንቁጣጣሽ ይጠብቅ»።

ክለቡ ሞቅ የሚለው ልጁ መተኛት ባለበት ሰዓት ነው። ቢገባ እንኳን የሚሰማው በአብዛኛው የሌላ ሰው ዘፈን ነው፤ ደንበኛው የሚያውቀውን ካልሰማ ቢራ አያዝም ተብሎ ስለሚታሰብ። የእንቁጣጣሹ ኮንሰርት ደግሞ ስማቸው ለገነነ ዘፋኞች ነው፤ ትኬቱም የተማሪ ኪስ አይቶ የተተመነ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ቦታ ባዶ ነው። ጀማሪ ባንድ የሚሳሳትበት፣ ጀማሪ አድማጭ ጆሮውን የሚከፍትበት ቦታ ማለቴ ነው።

ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜን ይዤ አንድ ቤት ሄጄ ነበር። ዘበኛው ልጁን ከላይ እስከ ታች አየና «ወንድም፣ ይሄ መጠጥ ቤት እኮ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው፤ እኔም ይሄን አልቃወምም። ግን ሕጉ የከለከለው ቢራውን ነው ወይስ ጊታሩን? ቢራና ጊታር አንድ ጣሪያ ሥር ስለተዳበሉ ብቻ ልጁ ሁለቱንም ተከለከለ።

ይሄ እኛ ላይ ብቻ የደረሰ ጣጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ቲን አይድልስ የሚባሉ የዋሽንግተን ልጆች ካሊፎርኒያ ድረስ ሄደው ሊጫወቱ ሲሉ ዕድሜያችሁ ለመጠጥ ቤት አልደረሰም ተባሉ። ልብ በሉ፣ ተመልካቾቹ ሳይሆኑ ባንዱ ራሱ! መፍትሔው እጃቸው ላይ በጥቁር ቀለም ትልቅ ኤክስ ማድረግ ሆነ፤ ኤክስ ያለበት እጅ መጠጥ አይቀዳለትም፣ ሙዚቃውን ግን ይሰማል። ልጆቹ ይሄን ዘዴ ይዘው አገራቸው ተመለሱና ናይን ሠርቲ ለሚባለው ክለብ አቀረቡለት። አንድ እስክሪብቶ ነው ያስፈለገው፤ ሌላ በጀት የለውም።

ከነዚያ ልጆች አንዱ ኢያን ማኬይ ከጓደኛው ጋር ዲስኮርድ የሚባል የራሳቸውን አሳታሚ አቋቋመ። ኢንዲ ሮክ የሚባለው ነገር ሥሩ እንዲህ ነው፤ ትልልቅ ኩባንያ ሳይለምኑ መቅዳት፣ ማሳተም፣ መጫወት። በኋላ የመሠረተው ፉጋዚ እስከ 2002 ሲጫወት ሁለት ነገር ላይ ድርቅ ይል ነበር፤ በሩ ለሁሉም ዕድሜ ክፍት ይሁን፣ መግቢያውም 5 ዶላር ገደማ ይሁን። በዚያው ከተማ ፎርት ሪኖ በሚባል መናፈሻ፣ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ፣ ከ1968 ጀምሮ በበጋ ዕረፍት የሰፈር ባንዶች በነፃ ይጫወታሉ። መጠጥ የለም። ቤተሰብ ሳር ላይ አንሶላ ዘርግቶ ይቀመጣል። በ2014 የጥበቃ ወጪ ጉዳይ አጨቃጭቆ ዝግጅቱ ሊቀር ሲል ሕዝቡ ጮኸ፣ ዝግጅቱም ተመለሰ።

ዋሽንግተን ለኛ ሩቅ አይደለችም። ናይን ሠርቲ ዛሬ ያለበት ቦታ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ሰፈር የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ልጁን ቅዳሜ እዚያ ክትፎ የሚያበላ አባት ስለ ኮንሰርቱ ሲጠየቅ ግን «ኧረ ወዲያ፣ የዱርዬ ነገር» ይላል። በየዓመቱ የሰሜን አሜሪካው የእግር ኳስ ፌስቲቫል ሲደረግም ነገሩ ያው ነው፤ ልጆቹ ቀን ሜዳ ላይ ከወላጅ ጋር ይውላሉ፣ ማታ ሙዚቃው ሲጀመር ወደ ሆቴል ይመለሳሉ።

ወላጆች «ክረምት ማለት ቱቶር ነው» እንደሚሉ አውቃለሁ። ግን እኮ እነሱው ናቸው በክረምት ለልጃቸው የጊታርና የኪቦርድ ትምህርት የሚከፍሉት! እግር ኳስ የሚያስተምሩትን ልጅ ግጥሚያ እንዳታይ ይሉታል? ይባስ ብሎ ያው ልጅ ዲኤስቲቪ ቤት በጫትና በጭስ መሀል ተፋፍጎ ሦስት ጨዋታ ተከታትሎ ቢመጣ «ኳስ አይቶ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

«ባህላችን አይደለም» የሚለውንም ተዉት። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመንግሥትን ሞኖፖል ጥሶ የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ዲስኮርድ ከመወለዱ አሥራ አንድ ዓመት በፊት። ያንን ዘመን የገደለው የባህል እጥረት አይደለም፣ የደርግ ሰዓት እላፊ ነው። ሮክም ቢሆን ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ከኛ ቅኝት ጋር እንደሚስማማ አሳይቷል። የጎደለን ቦታ ነው። የነበሩትም አልበረከቱም፤ ጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝአምባ በጥር 2007 ዓ.ም. ተቃጠለ፣ ካዛንቺስ የነበረው የፈንድቃ ግቢ በ2017 ዓ.ም. ከሰፈሩ ጋር ፈረሰ።

ለዚህ አዲስ ሕንፃ አንጠይቅም። ሁለት ወር ሙሉ የተቆለፉ የትምህርት ቤት አዳራሾች አሉ። ከፑልና ከቴሌቪዥን በቀር ብዙ የማይታይባቸው የወጣት ማዕከላት አሉ። እሑድ ከሰዓት በስምንት ሰዓት ይጀመር፣ በአሥራ አንድ ይለቅ፤ ልጁ ሳይመሽ በታክሲ ቤቱ ይግባ። ሞንታርቦውን ተዋጥተን እንከራያለን። ባንዶቹ ሦስት የራሳቸውን ዘፈን ይዘው ይምጡ፣ ይሳሳቱ፣ ይፎረሹ፣ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ተሽለው ይመለሱ። ትኬቱ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይብለጥ። ለስላሳ የሚሸጥ ይሽጥ፤ ቢራ ካላመጣሁ የሚል ስፖንሰር ደግሞ እስክሪብቶውን ይዞ በር ላይ ይቁም።

ዝናብ ነው የሚል ካለ፣ አዳራሽ ጣሪያ አለው።