ውርርዱን እጥፍ ማድረግ መቼ ያዋጣል?

በባክጋሞን ጨዋታ አንዱ ተጫዋች ሌላውን «ውርርዱን እጥፍ እናድርገው» ሊለው ይችላል። ደንቡ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ እንደተጀመረ ይነገራል። ጥያቄው የቀረበለት እምቢ ካለ 1 ነጥብ ያጣል፤ ከተቀበለ 2 ያተርፋል ወይም 2 ይከስራል። ከአራት ተመሳሳይ ጨዋታዎች ሦስቱን ተሸንፎ አንዱን ቢያሸንፍ ኪሳራው 6 ሲቀነስ 2፣ ማለትም 4 ነጥብ ነው። አራቱንም ጊዜ እምቢ ቢል የሚያጣው ይህንኑ 4 ነጥብ ነው። ስለዚህ የማሸነፍ ዕድሉ ከ25 በመቶ ከበለጠ መቀበሉ ያዋጣዋል።

ስሌቱን ወደ መንዝ ደጋ እንውሰደው። በከፍተኛው ደጋ ውርጭ የክረምቱን አዝመራ ስለሚፈታተነው ገበሬው ተስፋውን በበልግ ገብስ ላይ ይጥላል። የማዳበሪያ ብድር ሲቀርብለት ውርርዱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ዝናቡ ከቀጠለ ምርቱ ይጨምራል፣ ከተቋረጠ ግን ዘሩ ጠፍቶ ዕዳው ይቀራል። በ2007 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ በብዙ ቦታ የበልጉ ዝናብ ሳይሳካ ቀርቷል።

ብድሩን የማይቀበለውን ገበሬ «ኋላ ቀር» የሚሉት አሉ። እኛ አንስማማም። የ25 በመቶው ደንብ የሚሠራው እያንዳንዱ ነጥብ እኩል ዋጋ ሲኖረውና ተሸናፊው ተመልሶ መጫወት ሲችል ነው። የመጨረሻውን ቁና ዘር ለያዘ ሰው ግን ሁለተኛው ኪሳራ ከመጀመሪያው እጅግ ይከብዳል፤ በሬ ያሸጣል፣ ከቀዬ ያስለቅቃል።

እንግዲህ ፕሮባብሊቲን የምትማሩ ተማሪዎች «ዕድሉ ስንት ነው?» ስትሉ «ብሸነፍስ ምን ይቀረኛል?» ማለትንም አትርሱ። ገበሬውን ማደፋፈር የሚሻም ምክሩን ብቻ ሳይሆን ኪሳራውንም ይጋራው።