የእኔስ ፎቶ የት ደረሰ?

ሰው ፎቶ አንስታችሁ ታውቃላችሁ? የእኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ «አላውቅም» የሚል ያለ አይመስለኝም። ያነሳችሁትን አሳትማችሁ ለተነሳው ሰው የሰጣችሁስ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እኔ እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ አንድም ቀን ሰጥቼ አላውቅም ነበር። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ አንድ ያረጀ ካሜራና አንድ የቢጠና ሸማኔ ናቸው።

ካሜራው ፌድ-5 ይባላል። አጎቴ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣ ነው። የፌድ ካሜራ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1934 ዩክሬን ውስጥ ካርኪቭ ከተማ፣ ወላጅ አልባ ልጆች እየተማሩ በሚሠሩበት ኮሚዩን ነው፤ ሞዴላቸውም የጀርመኑ ላይካ ነበር። ሬንጅፋይንደር ከሚባለው ዓይነት ነው። በመስኮቱ ስታዩ መሐል ላይ ሰውየው ሁለት ሆኖ ይታያል፤ የሌንሱን ቀለበት ስታዞሩ ሁለቱ ምስሎች ይገጣጠማሉ። ያኔ ፎከሱ ገባ ማለት ነው። ኢንዱስታር-61 የተባለው ባለ 55 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ዙም የለውም፤ ከ1 ሜትር በታች ቀርቦም አያነሳም። ፊልሙ ደግሞ 36 ብቻ። በእንዲህ ዓይነት ካሜራ ሰውን ከሩቅ ሰርቆ ማንሳት አይመችም። ቀርባችሁ፣ ሰላም ብላችሁ፣ ጠይቃችሁ ነው። እናንተ ቀለበት ስታዞሩ እሱም እናንተን ለማየት ጊዜ ያገኛል።

አንድ ቅዳሜ ከሶዶ ተነስቼ ቢጠና ሄድኩ። ዱንጉዛ የሚሸምኑ አንድ አዛውንት አገኘሁና «ጋሼ፣ ላንሳዎት?» አልኳቸው። ሥራቸውን ሳያቋርጡ «ከዚህ በፊትም አንድ ልጅ አንስቶኝ ነበር፤ በዚያው ቀረ። አንተስ?» አሉኝ። እንደማመጣላቸው ቃል ገባሁና 7 ጊዜ አነሳኋቸው።

ፊልሙን ራሴ አጠብኩት። ጥቁርና ነጭ ፊልም ጨለማና መድኃኒቱ ካለ ቤት ውስጥም ይታጠባል። ሲደርቅ ብርሃን ላይ ዘርግቼ ሳየው የሸማኔው ቦታ እንደ መስታወት ጠርቷል። አንድም ነገር የለም። ለካ የሌንሱን ክዳን አላነሳሁም! ሬንጅፋይንደር ላይ የምታዩት በሌንሱ ሳይሆን በሌላ መስኮት ስለሆነ ክዳኑ ቢዘጋም ሁሉም ነገር ይታያችኋል።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ መቅረት ነበር። ያው እሳቸውም ብዙ አልጠበቁኝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን «አንተስ?» ያሉኝ ነገር አላስተኛ አለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ የሆነውን ነገርኳቸው። ሳቁና «እንግዲያ ያኛውም ልጅ እንዲህ ሆኖበት ይሆናላ፤ እኔ በከንቱ ስቀየመው ኖርኩ» አሉ። በጣም አፈርኩ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው እንደገና ተነሱልኝ።

ፎቶውን ሳደርስላቸው ደግሞ ሌላ ትምህርት አገኘሁ። ብዙ ካዩት በኋላ «ፊቱስ እኔ ነኝ፤ ይሄ ግን ዱንጉዛ አይደለም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ቀዩም ቢጫውም ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። ለእኔ «አርት» የመሰለኝ ነገር ለእሳቸው የሥራቸው ግማሽ የጠፋበት ወረቀት ነበር። በስልኬ በቀለም አንስቼ እሱንም አሳትሜ ሰጠኋቸው።

ስለዚህ እኔ «ሁላችሁም ወደ ፊልም ተመለሱ» እያልኩ አይደለም። ፊልም ውድ ነው፤ እኔም የምጠቀምበት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሲገኝ ነው። አሮጌውን ሌንስ ብቻ መሞከር የሚፈልግ ሰው በአዳፕተር ሚረርለስ ዲጂታል ካሜራ ላይ ሊገጥመው ይችላል። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ያነሳነውን እንመልስ።

ይህ የደግነት ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። የነገሥታቱን ፎቶ እንደ ቦያጂያን ቤተሰብ ያሉ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች አቆይተውልናል። የተራውን ሰው መልክ ያቆየው ግን ማነው? ፎቶ ቤት ሄዶ ተነስቶ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ አልበም ውስጥ ያስቀመጠው ራሱ ሰውየው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው የፎቶ መጽሐፍ የተዘጋጀው ከየቤተሰቡ እጅ ከተሰበሰቡ ፎቶዎች ነው። ፎቶው ባለቤቱ እጅ ባይገባ ኖሮ ያ መጽሐፍ ከየት ይመጣ ነበር? ዛሬ እኛ በሺህ የሚቆጠር እናነሳለን፤ ስልኩ ሲጠፋ ግን የእኛም የእነሱም አብሮ ይጠፋል።

በሶዶ አልፈው ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርዱ ቱሪስቶች ሰው ለማንሳት ገንዘብ ሲጠየቁ «ሰዉ ተበላሽቷል» ሲባል እሰማለሁ። እኔ እንደዚያ አላየውም። መልኩ ተወስዶ ምንም የማይመለስለት ሰው ቢያንስ ዋጋውን ቢጠይቅ ምን ይፈረድበታል? ቱሪስቱስ አገሩ ገባ እንበል። እኛ ግን እዚሁ ነን፤ ነገም እዚያው ገበያ እንገናኛለን። ነገ ጋዜጠኛ ሆነን «ይንገሩኝ» ብለን የምንጠይቀውም ይህንኑ ሰው ነው።

ለክፍላችን መምህራንና ተማሪዎች አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ለመስክ ልምምድ ስንወጣ እያንዳንዳችን ካነሳነው ውስጥ ቢያንስ አንዱን አሳትመን ለባለቤቱ እናድርስ፤ ይህም ከልምምዱ ነጥብ ይያዝልን። አንድ ፎቶ ማሳተም ማንንም አያደኸይም፤ ከባዱ ተመልሶ መሄዱ ነው። እዚያ ስትደርሱ ደግሞ የሚጠብቃችሁ ሰው እንደነበረ ታያላችሁ።

የሌንስ ክዳን ማንሳትም አትርሱ። ቸር ያገናኘን።