አንዱ እሽግ አልቆ ሌላው እስኪጀመር፦ የሚዋጥ የእርግዝና መከላከያ እንክብል በሰሜን ጎንደር

በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የእርግዝና መከላከያ ይጠቀሙ የነበሩት ካገቡ ሴቶች 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ግን 41 በመቶ የደረሱ ሲሆን፣ በአማራ ክልል ግማሽ ያህል ሆነዋል። አብዛኞቹ ተጠቃሚዎች መርፌን የመረጡ ናቸው፤ የሚዋጠውን እንክብል የሚወስዱት 2 በመቶ ገደማ ነበሩ። ጀምሮ የማቋረጥ ሁኔታም ከመርፌውና በክንድ ቆዳ ሥር ከሚቀበረው መከላከያ ይልቅ በእንክብሉ ላይ ይበዛል።

ይህን በሴቶች መዘንጋት ብቻ ማመካኘት ተገቢ አይደለም። ጥምር እንክብል በአንድ እሽግ 28 ፍሬዎችን ይይዛል። 21ዱ ሁለት ሆርሞኖች ያሉባቸው ሲሆኑ፣ የመጨረሻዎቹ 7ቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ የሆኑት፣ የብረት ማዕድን ብቻ ያላቸው ናቸው። በእነዚህ 7 ቀናት እንቁልጢ ከእረፍቷ መንቃት ትጀምራለች። አዲሱ እሽግ በጊዜው ከተጀመረ መልሳ ታርፋለች፤ ከዘገየ ግን እንቁላል ልትለቅ ትችላለች። ስለዚህ እጅግ አሳሳቢው መዘግየት በሁለት እሽጎች መካከል የሚፈጠረው ነው። ያ ቀን ደግሞ እንክብሉ አልቆ ወደ ጤና ኬላ መሄድ የሚያስፈልግበት ቀን ነው። ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች በድብ ባሕር አካባቢ ወይም በደባርቅና በዳባት ደጋ ቀበሌዎች ለምትኖር እናት ይህ የእግር መንገድ ነው፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ሲደርስ እንደታየው፣ ቤተሰብ ከቀዬው ሲፈናቀል ወደ ለመደው ጤና ኬላ መመለስ ጨርሶ የማይቻልበት ጊዜም አለ።

በመሆኑም ተጠቃሚዎች አንድ እሽግ ብቻ ይዘው ከመመለስ ይልቅ ለበርካታ ወራት የሚበቃ እንዲሰጣቸው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ቢጠይቁ ይመረጣል። ለሙሉ ዓመት የሚያስፈልገው 13 እሽግ ነው። አገልግሎቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። በእጅ የቀረው የመጨረሻው እሽግ ከሆነ ቡናማዎቹ ሲጀመሩ መንገድ መውጣት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ 7 ቀን ብቻ ነውና። እሽጉ የሚቆጠረው በሳምንት እንጂ በወር አለመሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። ቅዳሜ የተጀመረ እሽግ የሚቀጥለውም ቅዳሜ ይጀመራል፤ የወሩን መባቻ መጠበቅ፣ ይልቁንም ጳጉሜን ስትገባ፣ ክፍተት ይፈጥራል።

እንክብሉ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይዋጣል። ጾም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የምትጾም እናት ጠዋትን ከመረጠች በዐቢይ ጾም ሰዓቱ ይዛባባታል። ከራት በኋላ ያለው ጊዜ ግን በጾምም በፍስክም አይለወጥም፤ ማቅለሽለሽንም ይቀንሳል።

አንድ ወይም ሁለት ፍሬ የተረሳ እንደሆነ እንደታወሰ አንዱን መዋጥና በተለመደው ሰዓት መቀጠል ይበቃል፤ በአንድ ቀን ሁለት መዋጥ ቢያጋጥምም ጉዳት የለውም። ሆርሞን ካላቸው ሦስትና ከዚያ በላይ ከተዘለሉ፣ ወይም አዲሱ እሽግ ሦስትና ከዚያ በላይ ቀናት ከዘገየ፣ ወዲያውኑ አንድ ፍሬ ውጦ እየቀጠሉ ለ7 ቀናት ኮንዶም መጠቀም ወይም ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። መዝለሉ በሦስተኛው ሳምንት ከሆነ ቡናማዎቹን ትቶ በቀጥታ ወደ አዲሱ እሽግ መሻገር ይገባል። ባለፉት 5 ቀናት ግንኙነት ከነበረ ስለ ድንገተኛ መከላከያ ባለሙያ ማማከር ይገባል፤ በዘገየ ቁጥር ውጤቱ ይቀንሳል። የተረሱት ቡናማዎቹ ከሆኑ ግን የሚያሰጋ ነገር የለም፤ የታለፈውን ጥሎ መቀጠል ነው። ከዋጡ በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ ሌላ ፍሬ ይዋጣል።

እንክብሉ ለሁሉም አይስማማም። የደም ግፊት ያለባት፣ ዕድሜዋ 35 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የምታጨስ፣ የደም መርጋት ወይም የጉበት ሕመም ያጋጠማት ሴት ሌላ ዘዴ ትመርጣለች። ጡት ብቻ የምታጠባ እናትም ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ትቆያለች፤ እስከዚያ የሚስማሟት ሌሎች ዘዴዎች አሉ። ብዙ ጊዜ የሚታለፈው የመድኃኒት ጉዳይ ነው፦ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን የእንክብሉን ኃይል ያዳክማሉ። እነዚህን የምትወስድ ተገልጋይ እንክብሉን ከመቀበሏ በፊት ለባለሙያዋ ትንገር፤ ሳትጠየቅም ቢሆን።