ለብቻ፣ በሽርክና ወይስ በማኅበር? የግሸን የንግድ ወቅት የሚያስነሣው ጥያቄ

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም ክብረ በዓል ሲደርስ፣ በደቡብ ወሎ ዞን አምባሰል ወረዳ የሚገኘው የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ከሀገር ውስጥና ከባሕር ማዶ በሚመጡ ምእመናን ይሞላል። እንግዳ በበዛበት ሁሉ ንግድ ይኖራል። የጧፍና የዕጣን፣ የበሶና የዳቦ ቆሎ፣ የታሸገ ውኃና የትኩስ ምግብ፣ የድንኳን ማደሪያ፣ የዕቃ ሸክምና የመጓጓዣ ገበያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደራል። በዓሉ ሲያልፍ አምባው ወደ ጸጥታው፣ ነጋዴውም ወደ ሂሳቡ ይመለሳል።

ይህ ወቅት ለአካባቢው ገበሬና ለከተማ ነዋሪው ሠርቶ የማደር ዕድል ነው። አደጋውም የዚያኑ ያህል ነው። ለጥቂት ቀናት ገበያ በብድር የተገዛ ዕቃ፣ ዝናብ ቢበረታ፣ መንገድ ቢዘጋ ወይም የጸጥታ ችግር ቢፈጠር ሳይሸጥ ሊቀር ይችላል፤ የብድሩ መክፈያ ቀን ግን አይቀርም። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ጦርነቱ ውጫሌን፣ ሐይቅንና ደሴን ባዳረሰ ጊዜ፣ ንብረት ሲጠፋ ዕዳ አብሮ እንደማይጠፋ አካባቢው በግልጽ ያየው ጉዳይ ነው።

ስለዚህ በራሱ ሊሠራ የተነሣ ሰው «ምን ልሽጥ?» ከሚለው ቀጥሎ «በማን ስም ልሥራ? ኪሳራ ቢመጣስ እስከ የት ይደርስብኛል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ብዙ ጊዜ የአደረጃጀት ምርጫ የሚወሰነው ብድር በየትኛው በኩል ቶሎ ይገኛል በሚል ስሌት ነው። ይሁን እንጂ ጎጆን፣ በሬንና መሬትን የሚጠብቀው ስሌት ከዕዳው ወገን የሚጀምረው ነው።

ሕጉ የሚሰጠው አማራጭ

የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የንግድ ሕግ ስለ ነጋዴዎችና ስለ ንግድ ማኅበራት የሚደነግጉ ክፍሎች ተክቷል። አዲሱ ሕግ ሰባት ዓይነት የንግድ ማኅበራትን ያውቃል። እነርሱም የኅብረት ሽርክና ማኅበር፣ ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ያለበት የሽርክና ማኅበር፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር፣ የእሽሙር ማኅበር፣ አክሲዮን ማኅበር፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እና ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ናቸው። ከእነዚህ ውጭ ማንኛውም ሰው በግሉ ፈቃድ አውጥቶ መነገድ ይችላል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ በራሳቸው ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ይተዳደራሉ።

ዝርዝሩ ረጅም ቢመስልም ለግሸን ዙሪያ ነጋዴና ገበሬ በተግባር የሚቀርቡት አራት መንገዶች ናቸው፤ በግል ስም መነገድ፣ ባለ አንድ አባል ማኅበር ማቋቋም፣ ከሌላ ሰው ጋር መሻረክ፣ እና በኅብረት ሥራ ማኅበር መደራጀት።

በግል ስም መነገድ

በግል ስም የሚሠራ ነጋዴ ለመጀመርም ለማቆምም ይቀልለዋል። ውሳኔው የራሱ ነው፤ ትርፉንም ከማንም ጋር አይካፈልም። የግብር አከፋፈሉም ለአነስተኛ ነጋዴ የቀለለ ነው። የገቢ ግብር አዋጁን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴዎችን በደረጃ «ለ» መድቧል። ድርጅት ግን ሽያጩ ቢያንስም በደረጃ «ሀ» ሆኖ የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት።

የዚህ መንገድ ድካም ንግዱና ቤቱ በሕግ ፊት አንድ መሆናቸው ነው። ነጋዴው ለንግዱ የተበደረውን መክፈል ካልቻለ አበዳሪው የሚመለከተው የሱቁን ዕቃ ብቻ አይደለም። የግል ንብረቱን ይደርስበታል፤ እንደ ሁኔታውም የትዳር የጋራ ሀብትን ሊነካ ይችላል። ዛሬ በመያዣነት ሊቀርብ የሚችለው የንብረት ዓይነት ስለሰፋ ጉዳዩ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ከብትና ሰብልን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና ሊሆን ይችላል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ደግሞ የመሬት የመጠቀም መብትን በመያዣነት ማቅረብን ይፈቅዳል። ይህ ለገበሬው የብድር በር ከፍቶለታል። በዚያው በር ግን የአንድ ሳምንት ንግድ ኪሳራ እስከ እርሻው ማሳ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ በግል ስም መነገድ የሚስማማው በራሱ ጥሪት ወይም በጥቂት ብድር ለሚሠራ ሰው ነው። በሶ አዘጋጅታ የምትሸጥ እናት፣ ጧፍ የሚቸረችር ወጣት ወይም በጭነት እንስሳው ዕቃ የሚያመላልስ ገበሬ ከዚህ የተለየ አደረጃጀት አያስፈልጋቸውም።

ባለ አንድ አባል ማኅበር

በቀድሞው የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጉ ነበር። በዚህም ምክንያት የትዳር ጓደኛን ወይም ዘመድን ለስም ያህል አባል ማድረግ የተለመደ ነበር። የ2013ቱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ማኅበሩ ከባለቤቱ የተለየ የሕግ ሰውነት አለው፤ ዕዳውም በመርህ ደረጃ በማኅበሩ ሀብት የተወሰነ ነው። መሥራቹ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ በእርሱ ቦታ የሚተካ ሰውም አስቀድሞ ይሰየማል።

ለመንገደኞች ማረፊያ ቤት ለመሥራት ወይም የጭነት መኪና ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ ለማሠራት ላሰበ ሰው ይህ ጥሩ ጋሻ ነው። ሆኖም ጋሻው ሁለት ቦታ ላይ ይሳሳል። አንደኛ፣ ባለቤቱ የማኅበሩን ገንዘብና የጓዳውን ገንዘብ ከቀላቀለ በግሉ ወደ መጠየቅ ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛ፣ አበዳሪው ባለቤቱን በግል ዋስትና ካስፈረመው የተወሰነው ኃላፊነት በዚያ ፊርማ መጠን ይነሣል። ብድር የሚጠይቅ ሰው ስለዚህ «ማኅበር አለኝ» ብሎ ከመዝናናቱ በፊት የሚፈርመውን ውል እስከ መጨረሻው ሊያነብ ይገባል።

ወጪም አለው። ድርጅት ከትርፉ 30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር ይከፍላል፤ ትርፉ ለባለቤቱ ሲከፈል ደግሞ በትርፍ ድርሻው ላይ ሌላ ግብር አለ። የግለሰብ ነጋዴ የግብር መጠን በገቢው ልክ ከፍ እያለ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል፤ ስለዚህ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው በግል ስም መሥራት በግብርም በሂሳብ ሠራተኛ ወጪም ይቀላል።

ሽርክና

ሽርክና ለወሎ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። በርቢ አንዱ ላሙን ይሰጣል፣ ሌላው ያረባል፣ ውላጁን ይካፈላሉ። በእኩል እርሻ አንዱ መሬቱን ሌላው ጉልበቱን ያቀርባል። በሙስሊሙ ኅብረተሰብ ዘንድም ሙዳረባ የሚባል ከወለድ ነፃ የሆነ አሠራር አለ፤ አንዱ ገንዘብ ሌላው ሥራ ያቀርባሉ፣ ትርፉን በስምምነታቸው ይካፈላሉ፤ ሠራተኛው ጥፋት እስካልፈጸመ ድረስ የገንዘብ ኪሳራው የገንዘብ ባለቤቱ ነው፣ ሠራተኛው ድካሙን ያጣል። እነዚህ ልማዶች ሁሉ ትርፍ እንዴት እንደሚከፈልና ኪሳራ በማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድመው ይወስናሉ።

በንግድ ሕጉ ለእነዚህ የሚቀርበው የእሽሙር ማኅበር ነው። በንግድ መዝገብ አይመዘገብም፣ የሕግ ሰውነት የለውም፣ በሦስተኛ ወገን ዘንድም አይታወቅም። ለአንድ በዓል ወቅት ብቻ አብረው ድንኳን ለሚተክሉ ሁለት ሰዎች ይህ ይበቃል። ሆኖም ከውጭ ሰው ጋር የሚዋዋለው ሰው በስሙ የገባውን ዕዳ ራሱ ይሸከማል። በጓደኛው ላይ ያለው መብት በመካከላቸው ያለው ስምምነት ነው፤ ስምምነቱ በቃል ብቻ ከሆነ ደግሞ በክርክር ጊዜ ማስረዳቱ ይከብዳል።

ሁሉም በጋራ ስም ሲበደሩ ነገሩ ይከብዳል። ለምሳሌ ሦስት ጓደኛሞች እያንዳንዳቸው 40 ሺህ ብር አዋጥተው 180 ሺህ ብር ተበደሩ እንበል። በድምሩ በ300 ሺህ ብር ዕቃ ገዙ። ገበያው ባለመሥራቱ ተሸጦ የተገኘው 60 ሺህ ብር ብቻ ሆነና ለዕዳው ዋለ። ወለዱን ሳንቆጥር 120 ሺህ ብር ዕዳ ቀረ። ብዙ ሰው «ለእያንዳንዳችን 40 ሺህ ብር ይደርሰናል» ብሎ ያስባል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1896 ግን ተበዳሪዎች በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር በአንድነትና በተናጠል ኃላፊ እንደሆኑ ይደነግጋል። ስለዚህ አንዱ ከአካባቢው ቢጠፋ፣ ሌላው ምንም ባይኖረው፣ አበዳሪው ሙሉውን 120 ሺህ ብር ሁለት በሬ ካለው ከሦስተኛው ሊጠይቅ ይችላል። ከፋዩ በኋላ ጓደኞቹን ድርሻቸውን መጠየቅ ይችላል፤ የሌለውን ሰው መጠየቅ ግን ገንዘብ አያመጣም።

በክልሉ የቡድን ብድር በሰፊው የታወቀ ነው። ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በቡድን ዋስትና ለብዙ ገበሬ ያለ ንብረት መያዣ አበድሯል። አሠራሩ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን የቡድን አባል መሆን ማለት ለጓደኛ ዕዳ መፈረም መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ዋስ የሚሆን ሰውም አንድ ነገር ይወቅ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፣ ዋስትና የተገባለት የገንዘብ መጠን ያልተጠቀሰበት ውልም አይጸናም።

የኅብረት ሥራ ማኅበር

አምባሰል በማሩ ይታወቃል። ስሙንም «አምባ» ከሚለው ቃልና ማር ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር የሚያያይዙት አሉ። የማር ምርት ደግሞ ለብቻ መሥራት የማያዋጣበትን ሁኔታ በደንብ ያሳያል። ዋናው የማር ቆረጣ የሚሆነው የክረምቱ ዝናብ ካለፈና አበባው ከፈካ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። የግሸን በዓል ግን መስከረም 21 ነው። ገበሬው ማር በእጁ ሲገባ ትልቁ ገበያ አልፏል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥም ዋጋው ይወርዳል።

ማር ግን እንደ ወተት የሚበላሽ ምርት አይደለም። የውኃ መጠኑ ከ20 በመቶ ካልበለጠና በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ከተቀመጠ እስከሚቀጥለው መስከረም ይቆያል። የሚጎድለው አጣርቶ የሚያከማች፣ ጥራቱን የሚለካ፣ ገበሬው እስኪሸጥ ድረስ ከፊል ክፍያ የሚሰጥ አካል ነው። ይህን አንድ ገበሬ በአምስት ቀፎ ሊያደርገው አይችልም፤ ብዙዎች ሆነው ግን ይችላሉ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ተፈላጊነቱ እዚህ ላይ ነው። አንድ አባል የያዘው ዕጣ ቢበዛም ቢያንስም ድምፁ አንድ ነው፤ ስለዚህ ባለ ብዙ ቀፎው ባለ ጥቂት ቀፎውን በድምፅ ሊጫነው አይችልም።

ድካሙም በዚያው ነው። ውሳኔ ይዘገያል፤ ጠንካራ ኦዲት ከሌለ የጥቂት አመራሮች መጠቀሚያ ይሆናል። በየቀኑ ዋጋ ለሚለዋወጥበት የችርቻሮ ንግድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከባድ ነው፤ ምርትን ለማከማቸት፣ ለማጣራትና በጅምላ ለመሸጥ ግን ይመቻል። ሰው ለብድርና ለመሥሪያ ቦታ ብቻ ብሎ ቢደራጅበት፣ የሚያስተሳስረው ምርት ስለሌለ ብድሩ እንዳለቀ ማኅበሩም ያልቃል።

ምርጫው በምን ይመዘን?

ከዚህ በላይ የታየው ሁሉ በአራት ጥያቄዎች ይጠቀለላል። የማጣው ከፍተኛው ገንዘብ ስንት ነው? ያንን ባጣ ከንግዱ ውጭ የትኛው ንብረቴ ይነካል? ሥራው ለአንድ ወቅት ነው ወይስ ለዓመታት? ያለ ሌላ ሰው ልሠራው የማልችለው የሥራው ክፍል የትኛው ነው? በራሱ ጥሪት ለአጭር ጊዜ የሚነግድ በግል ስሙ ይሥራ። ለአንድ ወቅት የሚሻረክ ድርሻን፣ የኪሳራ አከፋፈልንና የመለያያ ቀንን በጽሑፍ አስፍሮ በምስክሮች ፊት ይፈራረም። በብድር ቋሚ ሀብት የሚያፈራ ሰው የባለ አንድ አባል ማኅበርን ወጪና ጥቅም ያመዛዝን። ምርቱን ለብቻው ማከማቸትና ማጣራት የማይችል አምራች በኅብረት ሥራ ማኅበር ይደራጅ።

የመንግሥት ተቋማትም ድርሻ አላቸው። የወረዳ ንግድ፣ የሥራና ሥልጠና እንዲሁም የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች ሰውን ከማደራጀታቸው በፊት የእያንዳንዱን አደረጃጀት የዕዳ ኃላፊነት በሚገባው ቋንቋ ሊያስረዱት ይገባል። የተደራጁ ማኅበራትን ቁጥር ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት ስንቶቹ ከዓመት በኋላ እንደሚሠሩና ስንት አባል በሰው ዕዳ እንደተያዘ አያሳይም።

የሚቀጥለው የበዓል ወቅት እስኪደርስ ድረስ ለመመካከር ጊዜ አለ። ውል ለመጻፍ፣ ሂሳብ ለመለየትና የዋስትና ወረቀትን አስተውሎ ለማንበብ የሚሻለው ጊዜ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ያለው ነው።