የመሸበት ሰው የት ይደር?

በሀገራችን በገጠሩ አንድ የቆየ ልማድ አለ። መንገደኛ ፀሐይ የጠለቀችበት እንደ ሆነ ካንዱ ደጃፍ ይቆምና «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም ከውስጥ ሆኖ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ብሎ ይመልሳል። እንግዳው ከወዴት እንደ መጣ፥ ምን ሠርቶ እንደሚኖር፥ ለምንስ መንገድ ላይ እንደ መሸበት የሚጠየቀው እግሩን ታጥቦ፥ የተገኘውን ቀምሶ፥ ከእሳቱ ዳር ከተቀመጠ በኋላ ነው። ማደሪያው ይቀድማል፤ ጥያቄው ይከተላል።

ይህን ልማድ ያሳሰበኝ በዚህ ሰሞን ከተማሪዎቼ ጋር የተነጋገርንበት አንድ የፍርድ ነገር ነው። ፍርዱ የተሰጠው በሩቅ አገር፥ በአሜሪካ ነው፤ ጥያቄው ግን ከተማና የቤት ኪራይ ባለበት ሁሉ የሚነሣ ስለ ሆነ፥ ለዚህ ዓምድ አንባብያን ባቀርበው ከንቱ ድካም አይሆንም ብዬ አሰብሁ። የውጭውን አገር ነገር ስናገር ዓመቱን በፈረንጅ፥ የሀገራችንን ስናገር በእኛው አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ኦሪገን በተባለችው የአሜሪካ ግዛት በደቡቡ በኩል ግራንትስ ፓስ የምትባል አርባ ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ አለች። የዚች ከተማ ደንብ በመናፈሻ፥ በእግረኛ መንገድና በሌላውም የሕዝብ ቦታ ማደርን ከለከለ። ክልከላው ድንኳን ለሚተክል ብቻ አልነበረም፤ ብርድ ልብስ ዘርግቶ የሚተኛውም እንደ ሰፋሪ ይቆጠር ነበር። ደንቡን የተላለፈ 295 ዶላር ይቀጣል፤ በጊዜው ካልከፈለ ዕዳው 537 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይደርሳል። ሁለት ጊዜ የተከሰሰ ወደ መናፈሻው ለ30 ቀን እንዳይገባ ይታገዳል፤ እግዱን ጥሶ ከተገኘ ደግሞ ነገሩ ወንጀል ይሆንና እስከ 30 ቀን እስራትና እስከ 1,250 ዶላር መቀጫ ያስከትልበታል።

በዚያን ጊዜ በከተማዋ እስከ 600 የሚደርሱ ቤት የለሽ ሰዎች እንደ ነበሩ ተገምቶአል። ከተማዋ ራሷ የምታስተዳድረው የሌሊት ማደሪያ ግን አልነበራትም፤ የነበረው የራሱ ጥብቅ ደንብ ያለው አንድ የሃይማኖት ድርጅት ቤት ብቻ ነው። የከተማው ሹማምንት በ2013 ዓ.ም. ስለዚሁ ጉዳይ ተሰብስበው ሲመክሩ፥ የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ዓላማው ኑሮው እንዳይመቻቸው አድርጎ ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄዱ ማድረግ መሆኑን በግልጥ ተናግረዋል። ቃላቸውም በኋላ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ገባ።

ቤት የለሾቹ በ2018 ከተማዋን ከሰሱ። በታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ረቱ። ከዚያ ነገሩ በይግባኝ ወደ ላይ ወጥቶ፥ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰና በ2024 ዓ.ም. ጁን 28 ቀን ስድስት ዳኞች ለከተማዋ፥ ሦስቱ ለከሳሾቹ ሆነው ከተማዋ ረታች።

ክርክሩ የተመሠረተው በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስምንተኛ ማሻሻያ ላይ ነው፤ ይኸውም ጭካኔ ያለበትንና ያልተለመደን ቅጣት የሚከለክለው ነው። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ኒል ጎርሰች፥ የገንዘብ መቀጫና አጭር እስራት ጭካኔም ያልተለመደም አይደለም፤ ደንቡ የሚከለክለው ድርጊትን እንጂ ድህነትን አይደለም፤ አገር ጎብኚም ቢሆን፥ ተቃውሞ የወጣ ተማሪም ቢሆን በመናፈሻ ካደረ እኩል ይቀጣል አሉ። ዳኛ ሶንያ ሶቶማየር ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ተለይተው ሲጽፉ፥ እንቅልፍ የሥጋ ግዴታ እንጂ ወንጀል አይደለም፤ ሌላ መተኛ የሌለውን ሰው ስለ ተኛ መቅጣት ቤት የሌለው ስለ ሆነ መቅጣት ነው አሉ።

ይህን ለተማሪዎቼ ካስረዳሁ በኋላ በሁለት ወገን ከፍዬ አከራከርኋቸው። ለከተማዋ የቆመው ልጅ ጥሩ ተናገረ። «መናፈሻ የሁሉ ነው፤ እናት ልጇን ይዛ ለመግባት ከፈራች፥ ሽማግሌ አረፍ ለማለት ቦታ ካጣ፥ ቆሻሻውም ከበዛ፥ ከተማው ዝም ይበል ማለት እንዴት ይሆናል?» አለ። እውነት ነው። በረንዳው ላይ ሰው የሚያድርበት ባለ ሱቅ ጠዋት መዝጊያውን ሲከፍት የሚያገኘውን ነገር እንደ ቀላል ማየት አይገባም። ለሚተኛውም ቢሆን መናፈሻ ቤት አይሆነውም፤ ብርዱ፥ ዝርፊያው፥ በሽታው አለ።

ከዚያ በኋላ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፥ ብዙ የማይናገር አንድ ልጅ እጁን አነሣ። «መምህር፥ ደንቡ የት እንደማይተኛ ነገረው፤ የት እንደሚተኛስ ማን ነገረው?» አለ። ክፍሉ ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ።

ይህ ልጅ አርፋጅ ነው። ብዙ ቀን በር ላይ አቁሜዋለሁ፤ ከክፍል ያስወጣሁትም ጊዜ አለ። በዚያን ቀን ከትምህርት በኋላ ጠርቼ ባነጋግረው፥ ቤተ ሰቦቹ ኪራይ እየተጨመረባቸው በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቤት መለወጣቸውን፥ በለወጡም ቁጥር ከከተማው እየራቁ መሄዳቸውን፥ አሁን ትምህርት ቤት ለመድረስ ጎሕ ሳይቀድ መነሣት እንዳለበት ነገረኝ። ዓመቱን ሙሉ ስለ ማርፈዱ ቀጣሁት እንጂ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅሁትም ነበር። እንግዲህ በባሕር ማዶ ሹማምንት ላይ ጣቴን ስቀስር ሦስቱ ጣቶች ወደ ራሴ መመለሳቸውን አየሁ። ደንብ አስከባሪ ሁሉ፥ መምህርም ቢሆን፥ ጥፋቱን ለማየት ይፈጥናል፤ ጥፋቱ የሚነሣበትን ቤት ለማየት ግን ይዘገያል።

ወደ አሜሪካው ነገር እንመለስ። በዚያ አገር በያመቱ በጃንዋሪ ወር በአንዲት ሌሊት ቤት የለሾች ይቈጠራሉ። በ2024 የተገኘው ቊጥር 771,480 ነበር፤ ከዓመት በፊት ከነበረው በ18 በመቶ በልጦአል፤ ቈጠራው ከተጀመረም ወዲህ እንዲህ ያለ ቊጥር ታይቶ አይታወቅም ነበር። ለምን በዛ? ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ «መጠጥ ነው፤ ሱስ ነው፤ የአእምሮ በሽታ ነው፤ ስንፍና ነው» ይላል። እነዚህ ነገሮች የሉም አይባልም። ነገር ግን ዌስት ቨርጂኒያ በሱስ የሚሞተው ሰው እጅግ የበዛባት ግዛት ስትሆን የቤት የለሾቿ ቊጥር ከካሊፎርኒያ ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው። ዲትሮይት ከሲያትል ይልቅ የደኸየች ከተማ ስትሆን በሜዳ የሚያድርባት ሰው ከሲያትል ያነሰ ነው። ልዩነቱ ወዴት ነው? በዌስት ቨርጂኒያና በዲትሮይት ኪራይ ርካሽ ነው፤ ባዶ ቤትም ይገኛል። በሲያትልና በካሊፎርኒያ ግን ኪራይ ጣራ ነክቶአል። ከዚህ የምንረዳው፥ ሱስና በሽታ ማን እንደሚወድቅ ይወስኑ ይሆናል፤ ስንቱ እንደሚወድቅ የሚወስነው ግን የቤት ኪራይ መሆኑን ነው።

እንዲህ ከሆነ የ295 ዶላሩ መቀጫ ምን ሥራ ይሠራል? ኪራይ መክፈል ያቃተው ሰው መቀጫ መክፈል አይሆንለትም። ያልተከፈለው ዕዳ በስሙ ይጻፋል፤ በኋላ ቤት ልከራይ ሲል አከራዩ መዝገቡን አይቶ ይመልሰዋል። በግራንትስ ፓስ ከከሳሾቹ አንዷ ሜዳ ላይ በማደሯ የተቈለለባት ዕዳ ከ5,000 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ ሴትዮዋ የፍርዱን መጨረሻ ሳታይ በ2021 ዐረፈች። ለአንድ ሰው ከሜዳ መነሻ ይሆን የነበረው ገንዘብ በሜዳ ማቈያ ገመድ ሆነ ማለት ነው።

ከፍርዱ ወዲህ በአሜሪካ ከመቶ በላይ የሚሆኑ ከተሞች የዚህ ዓይነት ደንብ አወጡ። በ2025 ዓ.ም. በጁላይ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ይህንኑ የሚያበረታታ ትእዛዝ ፈረሙ፤ በተከታዩ ወር ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ድንኳኖች እየተነቀሉ ሰዎች ከየቦታው ተነሡ። የግራንትስ ፓስ ነገር ግን ያበቃው ከተማዋ በረታችበት ቀን አይደለም። የአካል ጉዳተኞች ጠበቆች በግዛቱ ሕግ መሠረት ሌላ ክስ አቀረቡባትና፥ በዚሁ በ2025 በኦገስት በተደረገው እርቅ ለ150 ሰዎች የሚበቃ የድንኳን ቦታ ለአንድ ዓመት ልታቈይ ተስማማች። በታላቁ ፍርድ ቤት የረታች ከተማ እንኳ ከዚያች ከተማሪዬ ጥያቄ አላመለጠችም፤ «የት ይተኛ?» የምትለው ጥያቄ ዞራ ከደጃፏ ቆመች።

ይህ የቅጣት መንገድ አዲስ አይደለም። እንግሊዞች ከናፖሌዎን ጦርነት በኋላ ከጦር ሜዳ ተመልሶ መድረሻ ያጣ ወታደርና ሥራ የሌለው ድኻ በከተማው ቢበዛባቸው፥ በ1824 ዓ.ም. በሜዳ ማደርን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አወጡ። ምክር ቤታቸው ይህ ሕግ እንዲሻር የወሰነው በ2022፥ ማለት ከ198 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ሰው እንደ ታሰረ እግዚአብሔር ይወቀው፤ የለንደን በረንዳዎች ግን ከሚያድርባቸው ሰው ባዶ አልሆኑም። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ተሞክሮ ያልፈወሰን መድኃኒት እንደገና ማዘዝ የሐኪም ብልኅነት አይደለም።

ሌላውን መንገድ የሞከረች አገር ፊንላንድ ናት። እዚያ በ1987 ዓ.ም. 18 ሺህ ያህል ቤት የለሾች ነበሩ። ከ2008 ጀምሮ መንግሥቱ ነገሩን ገለበጠው፤ ሰውየው በመጀመሪያ መጠጡን ይተው፥ በመጀመሪያ ሥራ ያግኝ፥ ከዚያ በኋላ ቤት ይሰጠዋል ማለቱን ተወና በመጀመሪያ ቤት ይሰጠው አለ። ሰውየው በስሙ ውል ይፈርማል፤ አቅሙ ካልፈቀደ መንግሥት እየደጎመው ኪራይ ይከፍላል፤ አማካሪም ይመደብለታል። የሌሊት ማደሪያ የነበሩት ሕንፃዎች ወደ መኖሪያ ቤትነት ተለወጡ። በ2023 መጨረሻ ቊጥሩ 3,429 ደረሰ። በ2024 ጥቂት አሻቅቦ 3,806 ሆኖአልና መንገዱ በጀት ሳይቋረጥ፥ ቤትም ሳይታጎል የሚሠራ እንጂ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው እንዳልሆነ ያሳያል። ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? ማደሪያው ይቀድማል፤ ጥያቄው ይከተላል ማለት አይደለምን?

ወደ ሀገራችን ስንመጣ የኪራይ ነገር ለዚህ ዓምድ አንባብያን ሊነገራቸው አያሻም፤ ደመወዝ በተቀበሉ ማግስት የሚያውቁት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቊጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ በተቈጣጣሪው አካል በሚወሰነው ልክ ብቻ እንዲሆን ደንግጎአል። ይህ ተከራይን በድንገት ከመንገድ ላይ ከመጣል የሚጠብቅ ጋሻ ነው። ጋሻ ግን ቤት አይሆንም። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቊጥር 47/1967 ኪራይን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ሆኖም በሕዝቡ ብዛት ልክ አዲስ ቤት ስላልተሠራ ከተሞቻችን ጠበቡ። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት መካከልም ብዙዎቹ ዓመታት ቈጥረዋል። ዋጋ የሚቈጣጠር ሕግ ቤት ከሚሠራ እጅ ጋር ካልተጋባ ብቻውን ሩቅ አይሄድም።

አሁን ከአንባብያኔ መካከል ተማሪ የሆናችሁትና ሥራ በጀመራችሁበት መሥሪያ ቤት ገና ጀማሪ ጸሐፊ፥ ጀማሪ ባለሙያ የምትባሉት አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እለምናለሁ። ዛሬ የሌላውን ቃል ታባዛላችሁ፤ ነገ ግን ደንቡን የምታረቁት፥ «ክልክል ነው» የሚለውን ሠሌዳ የምታስጽፉት እናንተ ናችሁ። በዚያን ቀን ረቂቁ ላይ «በዚህ ቦታ ማደር የተከለከለ ነው» የሚል ቃል ያያችሁ እንደ ሆነ፥ ከመፈረማችሁ በፊት ከግርጌው «በየትኛው ቦታ ማደር ይፈቀዳል?» ብላችሁ ጻፉና ወደ አለቃችሁ መልሱት። መልስ ካለው ደንቡ ደንብ ነው፤ ከተማውም ንጹሕ፥ ሰውየውም ከመጠለያው ይሆናል። መልስ ከሌለው ግን ሰውየውን ካንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሰፈር የሚገፋ ዱላ ነው፤ ሰውየው እንደሆነ በዚያም በዚህም መተኛቱ አይቀርም።

እኔም በበኩሌ ከዚያች ቀን ወዲህ አርፋጅ ተማሪ ሲገጥመኝ መጀመሪያ «ከየት ነው የምትመጣው?» እላለሁ። ጥያቄዋ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን መልሷን እስክሰማ ድረስ አልቀጣም።