ሲልቨር ስፕሪንግን ፓርኪንግ አላዳናትም፤ የሐበሻ ነጋዴዋንም አያድነውም

በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ገበያ ቀዘቀዘ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚወነጀለው ፓርኪንግ ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤትም፣ በርበሬና ሽሮ የምትሸጠዋም፣ ጸጉር ቤት የከፈተውም ቃላቸው አንድ ነው፦ ደንበኛው ማቆሚያ አጥቶ ወደ ሞል ሄደ፤ ስለዚህ ካውንቲው ገንዘብ ያውጣ፣ ወይ ተጨማሪ ባለ ፎቅ ፓርኪንግ ይሥራ፣ ወይ ያለውን በነጻ ይልቀቅ። ምሬቱ የውሸት አይደለም። ሞሉ የኳስ ሜዳ የሚያህል ነጻ ቦታ ዘርግቶ እየጠራ፣ እዚህ ግን እንጀራ ሊገዛ ለአምስት ደቂቃ የገባ ሰው መስታወቱ ላይ ቲኬት ተለጥፎ ሲያገኝ ማየት ያናድዳል። ነገር ግን የሚጠየቀው መድኃኒት እዚችው ከተማ ላይ ተሞክሮ ያልሠራ መድኃኒት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር)። ዛሬ «ዳውንታውን» የምትባለው ሲልቨር ስፕሪንግ ራሷ የዋሽንግተን ዳር ሰፈር ነበረች። በ1938 በጆርጂያ አቬኑና በኮልስቪል ሮድ መገናኛ ላይ የሱቆች ማዕከልና ሲልቨር ቲያትር ሲከፈቱ፣ ከሱቆቹ ፊት የመኪና ማቆሚያ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ገና አዲስ ነገር ነው። በ1947 ሄክትስ የተባለው የዋሽንግተን ትልቅ መደብር ቅርንጫፉን እዚያ ከፈተ። ካውንቲውም ከጦርነቱ በኋላ ልዩ የፓርኪንግ ቀጠና አቋቁሞ፣ በቀጠናው ባሉ ንብረቶች ላይ ግብር ጥሎ የሕዝብ ማቆሚያዎችን ሠራ። ዋሽንግተን መሃል ቦታ ፍለጋ መዞር የሰለቸው ባለ መኪና ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ጎረፈ።

ታዲያ ሠርቷል ማለት ነው? ሠርቶ ነበር፤ የበለጠ ማቆሚያ ያለው እስኪመጣ ድረስ። በ1960 ጥቂት ማይል ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ዊተን ፕላዛ ተከፈተ፤ ዙሪያው አስፋልት፣ ማቆሚያው በነጻ። ሲልቨር ስፕሪንግ ዋሽንግተንን ባሸነፈችበት መሣሪያ ራሷ ተመታች። በ1978 ሜትሮ ባቡር እንኳ ደርሶላት ቁልቁለቱ አልቆመም። ሲልቨር ቲያትር በ1984 ተዘጋ። ሄክትስ በ1987 ዕቃውን ጠቅልሎ እዚያው ዊተን ፕላዛ ገባ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የካውንቲው ፓርኪንጎች የትም አልሄዱም። የሄደው ደንበኛው ነው።

ሞሎቹም ቢሆኑ በማቆሚያ ብዛት ዘላለማዊ አልሆኑም። በ1977 በዚሁ ካውንቲ በክብር የተከፈተው ዋይት ፍሊንት ሞል መኪና የሚያቆምበት ቦታ ጎድሎት አያውቅም። በ2015 መፍረስ ጀመረ።

ሲልቨር ስፕሪንግ እንደገና ነፍስ የዘራችው በ2003 አካባቢ ነው። ሲልቨር ቲያትር ታድሶ ተከፈተ፣ ዲስከቨሪ የቴሌቪዥን ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱን አመጣ፣ ሰው በእግሩ የሚንሸራሸርበት ቦታ ተሠራ። እርግጥ ካውንቲው ያኔም ፓርኪንግ ገንብቷል። ግን ቅዳሜ ማታ ከቤቱ የወጣ ሰው ፓርኪንግ ሊጎበኝ አልመጣም።

ይህን ከማንም በላይ ሊያውቅ የሚገባው የሐበሻ ነጋዴ ነው። በዋሽንግተን የመጀመሪያዎቹ ዝነኛ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ስማቸውን ያስጠሩት አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛ መንገድ ላይ ነው። እዚያ ዓርብ ማታ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ሎተሪ ነበር፤ ፈረንጁም ሐበሻውም ግን ሦስት ብሎክ በእግሩ እየመጣ ተሰልፎ ይበላ ነበር። ቀጥሎ ንግዱ ወደ 9ኛ መንገድና ወደ ዩ ስትሪት ተሻገረ። እዚያም ማቆሚያ የለም፤ ገበያው ግን ሞቀ፣ ሰፈሩም «ትንሿ ኢትዮጵያ» እስከመባል ደረሰ። ከሁለቱም ሰፈር ብዙዎቹን ያስለቀቃቸው ምንድን ነው? ኪራይ። ሰፈሩን ሰው እንዲወደው ያደረጉት እነሱ፣ ሲወደድ ግን የሕንፃው ባለቤት ሌላ ሰው። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ ቨርጂኒያ የተበተነው ሰው ማቆሚያ ፍለጋ የወጣ ሳይሆን ሌዙ ሲያልቅ እጥፍ ተጠይቆ የወጣ ነው። እንዲያው ለነገሩ፣ መርካቶን የሚያውቅ ሰው ገበያ ያለ ማቆሚያ አይደምቅም ብሎ ሲከራከር መስማት ግራ ያጋባል።

አሁን የሚጠየቀውን ገንዘብ ማን እንደሚያገኘው ማየት ያስፈልጋል። ባለ ፎቅ ፓርኪንግ ሲሠራ ለእያንዳንዱ መኪና ቦታ በአማካይ ከ25 ሺህ ዶላር በላይ ይወጣል። ለ200 መኪና ማለት ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ይህ ገንዘብ በስሙ የሚጠየቅለት ምግብ ቤት ደግሞ ባብዛኛው ተከራይ ነው፤ የብዙዎቹም ውል «ትሪፕል ኔት» የሚሉት ዓይነት፣ ማለትም የንብረት ግብሩን፣ ኢንሹራንሱንና የሕንፃውን ጥገና ሳይቀር ተከራዩ የሚከፍልበት ነው። በንብረቱ ላይ ግብር ቢጨመር የሚከፍለው እሱ ነው። ከሕንፃው አጠገብ አዲስ ማቆሚያ ቢሠራ ግን የሚወደደው ሕንፃው ነው፤ ውሉ ሲታደስም አከራዩ «አሁን እኮ ፓርኪንግ አለ» ብሎ ኪራይ ይጨምርበታል። ነጋዴው የሚሰለፍለት ድጎማ አከራዩ ኪስ ገብቶ ያድራል።

ከዚህ ሌላ ሲነገር የማይወደድ ነገር አለ። ከጠዋት እስከ ማታ የምግብ ቤቱ በር ላይ ቆማ የምትውለው መኪና የማን ናት? ብዙ ጊዜ የባለቤቱ፣ ካልሆነም የአስተናጋጁ። በየሁለት ሰዓቱ እየወጡ ሜትሩ ላይ ሳንቲም የሚጨምሩት እነሱ ናቸው። ማቆሚያው ነጻ ሲሆን ደግሞ እሱም ቀረ፤ መኪናዋ እዚያው ትውላለች፣ ደንበኛው ሦስት ጊዜ ዞሮ ይሄዳል።

በካሊፎርኒያዋ ፓሳዲና የሆነው ይኸው ነበር። የድሮው መሃል ከተማ ተጎሳቁሎ፣ መንገድ ዳር ያለውን ነጻ ቦታ የሱቅ ሠራተኞች ከጠዋት ይይዙት ነበር። ከተማው ሜትር ልትከል ሲል ነጋዴው «ያለውንም ደንበኛ ልታባርሩብን ነው» ብሎ ተነሣ። ስምምነት የተገኘው ገንዘቡ እዚያው ሰፈር ላይ ብቻ ይውላል ሲባል ነው። በ1993 ሜትሩ በሰዓት አንድ ዶላር ሆኖ ተተከለ። በገንዘቡ የእግረኛ መንገዱ ታደሰ፣ ዛፍ ተተከለ፣ መብራት በራ፣ የጀርባ መተላለፊያዎች ጸዱ። የሠራተኛው መኪና ከበር ላይ ተነሣ፣ ደንበኛ ቦታ አገኘ፣ ሽያጩም አደገ። ዶናልድ ሹፕ የተባለው የዩሲኤልኤ ፕሮፌሰር ይህንን ጉዳይ ሲያጠናና ሲጽፍ ኖሯል፤ በ2005 የታተመው ዳጎስ ያለ መጽሐፉም ነጻ ፓርኪንግ ምን ያህል ውድ እንደሆነ የሚተነትን ነው።

ነጋዴው ሙሉ በሙሉ እውነት የያዘበት ቦታ አለ፤ ቦኒፋንት ስትሪት። ፐርፕል ላይን የተባለው የባቡር መስመር ግንባታ በ2017 ተጀምሮ በመሃል ተቋራጩ ጥሎ ሄደ። መንገዱ ለዓመታት እንደተቆፈረ፣ የሱቆቹ በር በአጥር እንደተጋረደ ቆየ። ያ መንግሥት በገዛ እጁ ያደረሰው ጉዳት ነው፤ ካሳው ደግሞ ሌላ ቦታ በሚሠራ ፎቅ ሳይሆን ለተጎዳው ሱቅ በጥሬ ገንዘብ መከፈል ያለበት ነው። እንደዚሁ አዛውንት እናቱን በር ድረስ ማድረስ ለሚፈልግ ሰው፣ ለአካል ጉዳተኛ፣ ምግብ ይዞ ለሚሮጥ ዲሊቨሪና ዕቃ ለሚያራግፍ መኪና በየብሎኩ የ15 ደቂቃ መቆሚያ ያስፈልጋል። ይህ ቀለምና ምልክት እንጂ ሚሊዮን አይፈልግም።

እነዚህ ቤቶች ሲከፈቱ ባንክ ፊቱን ሲያዞር በዕቁብ ገንዘብ የቆሙ ጥቂት አይደሉም። ሰብስቦ ማስቀመጥና በየተራ መውሰድ የሚያውቅ ሕዝብ፣ የሠራበትን ሕንፃ መግዛት የሚያቅተው ለቅድመ ክፍያውና ለዋስትናው ነው። ለአንድ ባለ ፎቅ ፓርኪንግ የሚወጣው 5 ሚሊዮን ዶላር ለተከራይ ነጋዴዎች የሕንፃ መግዣ ዋስትና ቢሆን፣ ወይም የ10 እና የ15 ዓመት ውል ለሚፈርም አከራይ ማበረታቻ ቢሆን፣ አዳምስ ሞርጋን ላይ የሆነው ፌንተን ስትሪት ላይ እንዳይደገም የማድረግ ዕድል አለው። የሜትሩ ገቢም ሌላ ቦታ ከሚሄድ በተሰበሰበበት ብሎክ ላይ እግረኛ መንገድና መብራት ሆኖ ይታይ።

የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት በበጀቱ ላይ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማው በኤፕሪል ነው፤ አዲሱ የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። ለመናገር የሚመዘገብ የሐበሻ ነጋዴ ካለ፣ የተቀጣበትን ቲኬት ትቶ የኪራይ ውሉን ይዞ ይሂድ፤ የዛሬ አምስት ዓመት ስንት ይከፍል እንደነበርና አሁን ስንት እንደሚከፍል ለምክር ቤቱ ያንብብላቸው።